ግዙፉን ወደ ረቂቅ፦ እህልን በአሲድ የማሟሟት ጥበብና ታሪኩ

ከወልቂጤ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቸሃ ምድር የሚዘልቅ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ጉብሬን ያገኛል። ጉብሬ በ2004 ዓ.ም. የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስሟ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወዲያ ግን እንሰቱ ዛሬም እንደ ጥንቱ የየቤቱን ጓሮ ከብቦ፣ ከበረት የሚወጣውን ፍግ እየተመገበ፣ ለባለቤቱ ቆጮውን፣ ቡላውንና አሚቾውን ይሰጣል። አሜሪካዊው የሕዝብ ባህል ተመራማሪ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተሙት መጽሐፍ ሕዝቡን በእንሰት ባህሉ ለይተው መጥራታቸው ተገቢ ነበር፤ በዚህ አገር ቤት ከተሠራ ጓሮው በእንሰት ይታወቃል፣ እንግዳ ቢመጣ ቆጮ ይቀርብለታል፣ ክፉ ዘመን ቢመጣም በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ ቤተሰቡን ያሻግረዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአገራችን አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር፣ ሁሉም በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ እንሰት ከጉራጌ አፈር መጥጦ ወደ ሰው ሥጋ የሚያሸጋግረው ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ካልሲየም ምን ያህል ነው? ከጤናማዎቹ ጋር ተደባልቆ የሚመጣ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያለ ጎጂ ማዕድንስ ይኖር ይሆን? ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ያስተምራሉ፤ የዘመኑ ኬሚስትሪም በራሱ መንገድ ሲመረምር ከመሬት የመጣውን ድርሻ በስም ለይቶ፣ በሚዛን መዝኖ ማሳየት ችሏል። ነገር ግን ይህ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ከአንድ ኪሎ እህል ውስጥ ዚንኩ በሚሊግራም፣ ሴሌኒየሙ ደግሞ በማይክሮግራም የሚቆጠር በመሆኑ፣ ቀሪው ስታርች፣ ስብ፣ ፕሮቲንና አሰር እንደ ጥቅጥቅ ደን ሸፍኖ አያሳየውም። ስለዚህ ሰው ማዕድኑን ከማንበቡ አስቀድሞ ደኑን መመንጠር፣ ማለት እህሉን ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ጉድፍ እንደማይታይበት ንጹሕ ውኃ እስኪሆን ድረስ በአሲድ ማሟሟት ግድ ይሆንበታል። ስለ መለኪያው መሣሪያ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተመስግኗል፤ ከመለካቱ በፊት ስላለው ስለዚህ ሥራ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። እኔ ግን ቁጥሩ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው በአብዛኛው በመለኪያው ፊት ሳይሆን በዚሁ በተዘነጋው ሥራ ላይ መሆኑን የአገራችን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ።

ጥበቡ በአውሮጳ የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ካርዩስ በ1860 ገደማ ናሙናውን ከናይትሪክ አሲድ ጋር በወፍራም የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከተው፣ የቱቦውን አፍ በእሳት አቅልጠው ከዘጉ በኋላ በምድጃ ማጋል ጀመሩ። አሲዱ መውጫ ስላጣ፣ በክፍት ዕቃ ከሚፈላበት ሙቀት እጅግ አልፎ ይግላል፣ የማይበገረውንም ይበግራል፤ ቱቦው ሲፈነዳ ግን ሥራውም ሠራተኛውም ይጎዳሉ። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኬሚስት የነበሩት ዮሃን ኬልዳል፣ የገብስን ፕሮቲን ለማወቅ እህሉን በሰልፈሪክ አሲድ የሚያፈሉበትን ዘዴ አስታወቁ። አንገተ ረጅሙ፣ ሆደ ክቡ የኬልዳል ብርጭቆ ከዚያ ወዲህ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ገባ፤ ወደ ኋላ እንደምናየውም፣ ለናይትሮጅን የተፈጠረው ይህ ዕቃ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ በአዲስ አበባ ሌላ ሥራ ተሰጠው።

ካርዩስ ዘግተው ያገኙትን ኃይል ሌሎች በክፍት ዕቃ ለማግኘት ሲሹ ፐርክሎሪክ አሲድን ከናይትሪክ ጋር ደባለቁት። እርሱም ስቡንም አሰሩንም ያለ ርኅራኄ የሚበላ አሲድ ነው፤ ጥንቃቄ ሲጎድል ግን የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነው። በ1947 የካቲት ወር በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ የብረት ማለስለሻ ፋብሪካ ፐርክሎሪክ አሲድ ያለበት ድብልቅ ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞተዋል፤ አካባቢውም ፍርስራሽ ሆኗል። ከዚያ በኋላ በዚህ አሲድ የሚሠራ ኬሚስት ሁሉ አስቀድሞ ናይትሪኩን እየጨመረ በቀላሉ የሚቃጠለውን ክፍል ሳያጠፋ ፐርክሎሪኩን እንዳያስገባ፣ ናሙናውም እስከ መድረቅ እንዳይደርስበት ይጠነቀቃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ታሪክ የጤፍ ታሪክ ነው፤ በዚህም ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይገባኛል፣ ምክንያቱም ስለ ማሟሟት የምናውቀውን ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከእርሱ ነው። በ1958 እና በ1959 የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ ኮሚቴ ልዑካን ከኢትዮጵያ ባለሥልጣኖች ጋር ሆነው የሕዝቡን አመጋገብ ሲመረምሩ፣ ጤፍ የሚበላው ሕዝብ በየቀኑ የሚወስደው ብረት ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ሆኖ ተገኘ። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይኸው ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከስዊድን የመጡት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር ይህ ብዙ ብረት በሰው ደም ላይ የሚያሳየውን ውጤት መርምረው በ1968 ጻፉ፤ በዚያው ዓመት ጉናር ኦግረንና ሮዛሊንድ ጊብሰን የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት የሚዘረዝር ሠንጠረዥ አሳተሙ። ሮዛሊንድ ጊብሰን ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ በኋላ በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው በዓለም ላይ ስለ ዚንክና ስለ ሌሎች ንኡሳን ማዕድናት ከሚጠሩት ሊቃውንት አንዷ ሆነዋል፤ የዚህ ሰፊ ዕውቀት አንዱ ጅምር በአዲስ አበባ መሆኑን ስናስብ ደስ ይለናል።

ይሁን እንጂ የጤፍ ቁጥር አልረጋም። አንዱ ተመራማሪ በመቶ ግራም ጤፍ ውስጥ አሥር ሚሊግራም ገደማ ብረት ሲያገኝ ሌላው ከመቶ ሃምሳ በላይ አገኘ፤ ከአንድ እህል እንዲህ ያለ የተራራቀ ቁጥር ሲወጣ ደግሞ መለኪያውን ወይም ናሙናውን መጠራጠር ይገባል። በ1963 አልምጎርድ የተባሉ ስዊድናዊ ትርፉ ብረት ከእህሉ ሳይሆን በእህሉ ላይ ከተጣበቀው አፈር የመጣ ነው ብለው ጻፉ። ነገሩን የአገራችን ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ጤፍ የሚወቃው በመሬት ላይ ነው፣ አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ በሬዎች ይሽከረከሩበታል፣ የጤፍም ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከአፈሩ ደቃቅ ጋር ሲቀላቀል ማበጠሪያውም ሆነ ወንፊቱ ፈጽሞ አይለየውም። በ1980 ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ጤፉን አስቀድመው በአሲድ አጥበው ከዚያ በኋላ ሲያሟሙትና ሲለኩት፣ ከፍተኛ ተብሎ የተነገረው ብረት እጅግ ቀንሶ ከሌሎች እህሎች ብዙ ያልራቀ ሆኖ መገኘቱን አሳዩ። የጤፍን ጉዳይ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ሰይፉ ከተማን ያካተተ ቡድንም በ1993 ሲኔት በተባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት ላይ የክርክሩን ሁኔታ ዘርዝሮ ጻፈ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ፣ ሰው ጤፍን በአሲድ አጥቦ ስለማይበላ፣ ያልታጠበው ቁጥር ነው እውነተኛው የሚበላው ብረት ብሎ ይከራከር ይሆናል። ክርክሩ ርቱዕ ነው። ሆኖም ሆድ የሚቀበለው ቤተ ሙከራ እንደሚያሟሟው አይደለም፤ ከአፈር የመጣ ብረት ብዙው በሸክላና በድንጋይ ቅንጣት ውስጥ ታሥሮ ያልፋል እንጂ ወደ ደም አይገባም። አሲዱም ቢሆን እንደ ዓይነቱ ነው፤ ናይትሪክ አሲድ ብቻውን የእህሉን ሥጋ ሁሉ ሲያሟሟ የአሸዋውን ቅንጣት በዕቃው ግርጌ ይተወዋል፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የተጨመረበት ግን ድንጋዩንም ይበላል። ስለዚህ ከአንድ ከረጢት ጤፍ፣ አሟሟቱ ሲለያይ ብቻ፣ ሁለት የተለያዩ የብረት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ሁለቱም በመለኪያው ረገድ ትክክል ናቸው። ዘመናውያን ተመራማሪዎች ይህን ተረድተው በአፈር ውስጥ በብዛት፣ በተክል ውስጥ ግን በጣም በጥቂቱ የሚገኙትን ቲታኒየምን፣ አሉሚኒየምንና ቫናዲየምን አብረው ይለካሉ፤ እነዚህ ከፍ ብለው ከተገኙ አፈር መግባቱን ይመሰክራሉና።

በመለኪያው በኩል፣ በ1955 አውስትራሊያዊው አለን ዎልሽ አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለውን ዘዴ አስተዋወቁ፤ የተሟሟው ናሙና በነበልባል ውስጥ ሲረጭ እያንዳንዱ ማዕድን የራሱን ብርሃን ብቻ ይውጣል፣ ከዋጠውም ብርሃን መጠኑ ይታወቃል። መሣሪያው ወደ እኛ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ በብዙ ትውልድ ተማሪዎች እጅ አገልግሏል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ብሃግዋን ሲንግ ቻንድራቫንሺ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ጤፍን፣ ቡናን፣ ጫትን፣ ቅመማ ቅመምንና ሌላውንም የአገራችንን ምግብ በየተራ መርምረዋል፤ አሲዱን የሚያፈሉትም ብዙውን ጊዜ በዚያ በኬልዳል ብርጭቆ ነበር። ናይትሪኩና ፐርክሎሪኩ በምን ያህል ሬሾ፣ በምን ያህል ሙቀት፣ በስንት ሰዓት ቢሆን ጥርት ያለ ፈሳሽ እንደሚሰጥ፣ ያለውን ዕቃ ይዘው አንድ በአንድ እየሞከሩ ወሰኑ፤ ይህም ትዕግሥት ሊመሰገን የሚገባው ነው። በ2008 ምናለሸዋ አትላባቸው ከፕሮፌሰሩ ጋር ለገበያ የሚቀርበውን ቆጮና ቡላ በዚህ መንገድ አሟሙተው፣ በውስጡ ያሉትን ማዕድናት ለዓለም መጽሔት አቀረቡ። የጉራጌ ሴቶች በመቶ ዓመታት ውስጥ ያዘጋጁት ምግብ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ከስንዴና ከሩዝ ጎን በኬሚስቶች መዝገብ ላይ ስሙ ሊጠራ ቻለ።

ማይክሮዌቭ ወደዚህ ታሪክ የገባው ከጦርነት በኩል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን አውሮፕላን ከሩቅ ለማየት ማግኔትሮን የተባለው መሣሪያ በተሠራበት ጊዜ፣ ሬይቴዮን በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ፐርሲ ስፔንሰር በ1945 በመሣሪያው አጠገብ ሲቆሙ በኪሳቸው የነበረው ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋሉ፤ ከዚያም ምግብ የሚያሞቀው ምድጃ ተወለደ። በ1975 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አቡ ሳምራና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓይነት ምድጃ ውስጥ አሲድና ናሙና አስገብተው ውጤቱን በኬሚስትሪ መጽሔት አወጡ። ዕቃው ክፍት ስለነበረ የአሲዱ ጭስ ምድጃውን ይበላው ነበር፤ ሐሳቡ ግን ቀና ነበር። በ1980ዎቹ ቴፍሎን በተባለው፣ አሲድ በማይነካው ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ መጣ፤ በ1985 ሲ.ኢ.ኤም. የተባለው ድርጅት ለቤተ ሙከራ ብቻ የተሠራውን ምድጃ ለገበያ አቀረበ፤ በ1986 ደግሞ ኪንግስተንና ጃሲ በዝግ ዕቃው ውስጥ ያለውን ሙቀትና ግፊት ሥራው ሳይቋረጥ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። ካርዩስ በቀለጠ ብርጭቆ የዘጉት አሲድ፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ በቀላሉ በማይፈነዳ ዕቃ ውስጥ ተዘጋ ማለት ነው።

የሥራው ጠባይ እንዲህ ነው። የደረቀና የላመ ናሙና ግማሽ ግራም ያህል ይመዘናል፤ ጥቂት ሚሊሊትር ናይትሪክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጨመርበታል፤ የመጀመሪያው ጋዝ እስኪወጣ ትንሽ ተጠብቆ ክዳኑ ይጠብቃል። ምድጃው ሲበራ፣ በሰከንድ 2 ቢሊዮን 450 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዘው ሞገድ የውኃንና የአሲድን ሞለኪውሎች ያሽከረክራል፤ ሙቀቱ ከዕቃው ግድግዳ ሳይሆን ከፈሳሹ ከራሱ ይነሣል። በክፍት ዕቃ ከ120 ዲግሪ ብዙ የማያልፈው ናይትሪክ አሲድ በዝጉ ውስጥ እስከ 200 ይደርሳል፤ በምጣድ ላይ ግማሽ ቀን የሚወስደው ሥራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ፐርክሎሪኩም ሳያስፈልግ ይቀራል። ዕቃው ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈት ግን ክልክል ነው፤ ውስጥ የታመቀው ቡናማ ጭስ ሳንባን ያቃጥላልና። ብርጭቆውና ዕቃው ሁሉ አስቀድሞ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በተጣራ ውኃም ይለቀለቃል። ናሙና የሌለበት አሲድ ብቻውን ከሌሎቹ ጋር ይገባል፤ የአሲዱንና የዕቃውን እድፍ ለይቶ ለመቀነስ የሚረዳው እርሱ ነው። ይዘቱ አስቀድሞ በታወቀና በተረጋገጠ ዱቄትም ሥራው ይፈተናል። ይህን ሥርዓት እንደ ጸሎት ሰዓት ሳያስተጓጉል የሚጠብቅ ሠራተኛ ያለው ቤተ ሙከራ፣ ውድ መሣሪያ ካለውና ሥርዓት ከሌለው እጅግ ይበልጣል።

በ2021 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳውድ ጋሹና ኢትዮጵያውያን፣ ማላዊያውያንና እንግሊዛውያን ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህ ጥበብ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ ማሳዎች የተሰበሰበው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በማይክሮዌቭ ተሟሙቶ፣ አይ.ሲ.ፒ. ኤም.ኤስ. በተባለው መሣሪያ ተነበበ፤ በእህሉ ያለው ሴሌኒየም፣ ዚንክ፣ ብረትና ካልሲየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ፣ የአንዱ ገበሬ ልጅ ከሌላው ያነሰ የሚያገኘውም አፈሩ ስለተለየ ጭምር እንደሆነ ታወቀ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የማሟሟቱና የንባቡ ሥራ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ካርታውም የእህል ካርታ በመሆኑ የእንሰትን አገር አልነካም። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ የሚበሉት በዚያ ሥዕል ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ቀርቷል። በሲዳማ ገጠር በ2007 የወጣ ጥናት ከእንሰት የሚሠራው ምግብ ብረትና ዚንክ እንዳይዋሃዱ የሚያግደው ፊቴት እምብዛም እንደሌለበት አሳይቶ ነበርና፣ የእንሰትን ማዕድን በቦታ ለይቶ ማወቅ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም።

እንሰትም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የጤፍ ታሪክ እዚህ ላይ ይታወሳል። በጉራጌ እንሰት ሲፋቅ ከጥንት ጀምሮ በቀርከሃ መፋቂያ እንጂ በብረት አልነበረም፤ ሥሩም በጥርሳም እንጨት ይደቅቃል። ዛሬ ግን በየቦታው የብረት መሣሪያ ገብቷል፤ ቆጮውም ከመጋገሩ በፊት በቢላዋ ደጋግሞ ይከተከታል፤ ኮምጣጣው ሊጥ ደግሞ ከብረት ሲነካካ ጥቂት ብረት መውሰዱ አይቀርም። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ይለበጣል እንጂ፣ ቅጠሉ ሲቀደድ አፈሩ መግባቱ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቤት የተወሰደ ቆጮ ከፍ ያለ ብረት ቢያሳይ፣ ይህ ከእንሰቱ ነው፣ ከቢላዋው ነው ወይስ ከጉድጓዱ? መልሱን የሚሰጠው ናሙናውን የወሰደው ሰው ያየውና የጻፈው ነው፤ መፋቂያው ምን እንደነበር፣ ጉድጓዱ ስንት ወር እንደ ቆየ፣ ቅጠሉ አዲስ ወይም አሮጌ እንደነበር። ይህን ሁሉ ከኖቲንግሃም ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ከጉብሬ ግን በእግር ተኪዶ ይታያል፤ የእንሰቷን ባለቤት እናትም በቋንቋዋ፣ በወጉ ይጠይቋታል።

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከአዲስ አበባ ንግዳቸው ገንዘብ እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። መንገዱ ሰውንና ዕቃን ያገናኘ ሲሆን፣ ዛሬ የሚያስፈልገው ደግሞ በጉብሬ ከሚማሩት ወጣቶች መካከል የቴፍሎን ዕቃ ሲያጥብ የማይሰለች፣ ባዶ አሲዱን ሳይለካ ቁጥር የማይጽፍ፣ ከጓሮው እስከ መሣሪያው ያለውን መንገድ ሁሉ በራሱ ዓይን የሚከታተል ኬሚስት ነው። ምድጃው ይገዛል፤ አሲዱም ከውጭ ይመጣል፤ የማይገዛው የናሙናው ታሪክ ነው። ከየወረዳው የሚሰበሰበው ቆጮ፣ ከተፋቀበት ጓሮ አፈር ጋር ተጣምሮ፣ የመፋቂያው ዓይነትና የጉድጓዱ ዕድሜ ተመዝግቦ፣ በአንድ ሥርዓት ተሟሙቶ ሲነበብ፣ በ2021 ካርታ ላይ ባዶ የቀረው የእንሰት አገር መሞላት ይጀምራል።